የየሺአረግ መቀስ

የሺአረግ በርጩማ ላይ ወጥታ የመደቧን ሸራ ገመድ መፍታት ስትጀምር የታይዋን ገበያ ነጋዴ ሁሉ ሳቀባት። ነፋሱ ገና አልደረሰም፤ በሳቢያን ሰፈር በኩል ግን ሰማዩ በአቧራ ቀልቷል።

"አቦ ተይው! አንቺ ስትፈቺ የኔ ይላላል" አለ ከጎኗ ልብስ የሚሸጠው አብዲራሺድ።

እውነቱን ነው። የመደዳው ሸራ እርስ በርሱ የተሳሰረ ነው። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም የየራሱን ገመድ ይዞ ይንጠለጠላል፤ የለቀቀ ሰው ጎረቤቱን እንደከዳ ይቆጠራል። ባሏን ግሩምን ጉድ የሠራውም ይኸው ወግ ነው። አምና ነፋሱ ከነቋሚው አንስቶ አስፋልት ላይ ጣለው፤ ዛሬም ያለ ክራንች ደጅ አይወጣም። ሸራው ግን ምንም አልሆነ። ጉድ እኮ ነው!

"አንተም ፍታ" አለችው። "ቋሚውን አስተኛና ግንቡ ቤት እንግባ።"

"ነፋስ ፈርቼ? ወንድ አይደለሁም እንዴ?"

"ግሩምም ወንድ ነበር።"

ከወዲያ ማዶ ያሉት ነጋዴዎች ፈሪ ብለው አሾፉባት። ፈሪ ለእናቱ ነው፣ እኔም የልጆች እናት ነኝ አለቻቸውና ሸራዋን ጠቅልላ፣ ልብሱን በማዳበሪያ አስራ ጠረጴዛ ሥር ከተተችው። ከዚያ ከኋላ ያለው የግንብ ሱቅ ገባች።

ነፋሱ ሲደርስ ይሉኝታ አላወቀም። የላላ ቆርቆሮ ነቅሎ መንገድ ላይ አንከባለለ። አብዲራሺድ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ገመዱን ክንዱ ላይ ጠምጥሞታል። ሸራው አየር ሞላና ተነሳ፤ የሰውዬው እግርም አብሮ ተነሳ።

"ሆዮ!" ብሎ እናቱን ጠራ።

የሱቁ ሰዎች አትውጪ ብለው ቀሚሷን ያዟት። የሺአረግ ግን ግሩም ሲወድቅ የተሰማውን ድምፅ ዛሬም አልረሳችውም። አምና ቆማ አይታለች፤ ዘንድሮ ቆሞ ማየት የለም! ክር የምትቆርጥበትን መቀስ ይዛ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አስራ፣ ጎንበስ ብላ ሮጠች። ገመዱ ክንዱን ሰርስሮ ስለገባ የሚፈታ አልነበረም። ከላይ ቆረጠችው። ሸራው በጣሪያዎቹ ላይ በረረ፤ አብዲራሺድም የልብስ ክምሩ ላይ ወደቀ። በአንገትጌው ይዛ ግንቡ ሥር ጎተተችው።

ነፋሱ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ።

"ሸራዬን ቆረጥሽው" አለ አብዲራሺድ። "በማን ፈቃድ?"

"በራሴ። ሸራ እዚህ ሞልቷል። እጅ የሚሸጥ ግን አላየሁም።"

የሚደማውን ክንዱን አይቶ በአንድ ሸሚዝ ጠቀለለው። ቆይቶ ግን ሰው እየሰማ፣ "ሁለተኛ ገመዴን እንዳትነኪ" አላት።

የሺአረግ ከወደቀው ገመድ ጥቂት ቆረጠች፤ በመቀሱ እጀታ አሾልካ አንገቷ ላይ አሰረችው። ከዚያ የራሷን ሸራ ዘረጋች።

"ከተጠጋጋን ለሁለታችን ይበቃል" አለች። "ና፣ ያዝ።"

አብዲራሺድ የገመዱን ጫፍ ተቀበላት። እንደ ልማዱ እጁ ላይ መጠምጠም ጀመረ፤ አንገቷ ላይ ያለውን መቀስ አየና የጠመጠመውን ገመድ ፈታው።