ከነቀለሙ ከዘጠኝ መቶ አይለፍ

ባለቤቴ መኪና ቀቢ ነበር። ጋራዥ ውስጥ «ግራም» ነበር የሚሉት፤ ቀለም ሲበጠብጥ ሳይመዝን ጠብታ አይጨምርም። ማታ ከሥራ ሲመጣ እጁን ታጥቦ ፎም ቦርድ ከሚሉት ቀላል ሰሌዳ አውሮፕላን ይሠራል። የሚበር ነው፤ ሞተር አለው፣ ባትሪ አለው። «ልጅነት አልወጣልህም» እለው ነበር። ይስቃል።

የመጨረሻውን ሳይቀባው ሞተ። ነጩ ፎም ከነደረቀ ኮላው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ክንፉ ሥር በእርሳስ እንዲህ ብሎ ጽፎበታል፦ «ከነቀለሙ ከዘጠኝ መቶ አይለፍ።» ግራም ማለቱ ነው። ከዚያ ከከበደ አይነሳም፤ ቢነሳም ይፈጠፈጣል ይል ነበር።

ነገሩን የጀመረው ታናሽ ወንድሙ ነው። ሾፌር ነው፤ እሱም አውሮፕላን ማብረር ይወዳል። አንድ ቀን መጥቶ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ጣለ።

«እትዬ፣ ይሄን እኔ ልውሰደው። ቀብቼ አበረዋለሁ።»

«እኔ እቀባዋለሁ።»

«አንቺ?» ሳቀ። «የወጥ ቤቱን በር ስትቀቢ ወለሉም አብሮ አልተቀባም?»

«ወለሉም ያስፈልገው ነበር።»

«ይሄ በር አይደለም እኮ። ስፕሬይ ብትረጪበት ፎሙን ይበላዋል፤ እንደ ስኳር ነው የሚሟሟው። በብሩሽ ብትደራርቢበት ደግሞ ድንጋይ ይሆናል።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳይ የኖርኩት ዓይኔን ጨፍኜ መሰለህ?»

እሱ አንድ ሲል እኔ ሁለት ስል ተካረርን። በመጨረሻ ጣቱን ቀሰረብኝ።

«እሺ። እሁድ የራሴን ሚዛን ይዤ እመጣለሁ። ከዘጠኝ መቶ ካለፈ አውሮፕላኑንም፣ ዕቃውንም፣ ጠረጴዛውንም እወስዳለሁ። ካላለፈ ያንቺ ነው፣ ሁለተኛ አላነሳብሽም።»

«ጠረጴዛውን ምን ልታደርገው?»

«በቃ እሁድ!»

የባለቤቴን ልብስ ለሰው ሰጥቻለሁ። አልጋውን ቀይሬዋለሁ። ከዚያ ሰው የቀረኝ ያ ጠረጴዛና በላዩ ያለው ነው። ስለዚህ እሺ አልኩት።

ሰኞ ጠዋት በባለቤቴ ሚዛን መዘንኩት። ከነሞተሩ ከነባትሪው ስምንት መቶ አርባ አንድ። ለቀለም የቀረኝ ሃምሳ ዘጠኝ ግራም ብቻ ነው። ጠርዝ ጠርዙን በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት እንደ ሕፃን ገላ ቀስ ብዬ አሸሁት። ስንጥቁን በስስ ስቱኮ ደፈንኩ። ከዚያ በውሃ የቀጠነ ኮላ በሰፊ ብሩሽ ለቀለቅኩት፤ ኮላው ካልቀደመ ቀለሙ ፎሙ ውስጥ ይሰርጋል። ከሰዓት ሲደርቅ መልሼ ሚዛን ላይ አኖርኩት።

ስምንት መቶ አሥራ ሁለት።

ሚዛኑ ሞቷል ብዬ ባትሪውን ቀየርኩ። ያው ነው። ያልተከፈተ አንድ ኪሎ ስኳር አስቀመጥኩበት፤ ልክ አንድ ኪሎ አለ። ፎሙ እርጥበት ይዞ ኖሮ አሁን ደረቀ ማለት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ሾፌር አፉን አስይዘዋለሁ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ማክሰኞ ነጩን ቀባሁት። ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ። ረቡዕ የክንፎቹን ጫፍ በፕላስተር ከልዬ ቀይ አደረግኳቸው። ስድስት መቶ አራት። ያን ቀን ግን አልሳቅኩም።

እንዲህ የሚቀንስ ነገር አይቻለሁ። ባለቤቴን ሐኪም ቤት በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ያቆሙት ነበር። ሰባ አንድ ኪሎ። ስልሳ ሦስት። ሃምሳ አራት። ነርሷ ቁጥሩን ስትጽፍ እኔን አታየኝም። መጨረሻ ላይ ከአልጋ ወደ ወንበር እኔው ብቻዬን አነሳው ጀመር፤ ከታጠበ ልብስ ሳፋ አይከብድም። «ቀለልኩ አይደል?» አለኝ አንድ ቀን። «ዝም በል፣ ወገቤን ልትሰብረው ነው» አልኩት።

መተው ነበረብኝ። ግን ግማሹ ተቀብቶ ግማሹ ነጭ ሆኖ ሾፌሩ ቢያየው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ሐሙስ ሆዱን ሰማያዊ ቀባሁት። አራት መቶ ሰባ። በሩን ስከፍት አፍንጫው ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ንፋስ አልነበረም፤ መጋረጃው እንኳ አልተነቃነቀም። ዓርብ ከጎኑ ጥቁር መስመር አሰመርኩለት። ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት። ቅዳሜ ብሩሽ ሳልነካ ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ከሰዓት መዘንኩት። ሦስቴም ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት። ክብደቱን የሚወስደው ቀለሙ ነው ማለት ነው።

እሁድ ረፋዱ ላይ ሾፌሩ ሚዛኑን በፌስታል ይዞ መጣ። ሻይ ቀዳሁለት። አውሮፕላኑን ዞሮ ዞሮ አየውና ጥፍሩን በክንፉ ጠርዝ ላይ አስኬደ።

«ማነው የቀባልሽ?»

«ወለሉን የቀባችው ሴትዮ።»

«ጅራቱ ቀርቷል።»

«ጅራቱ አምስት ግራም አይፈጅም። ይልቅ መዝን።»

ሚዛኑ ላይ አኖረው። ቁጥሩን አይቶ ሳቀ። «ባትሪውን አውጥተሻላ! እትዬ፣ አንቺም ማጭበርበር ጀመርሽ?»

«ክፈተው።»

ከሆዱ ሥር ያለችውን ክዳን ከፈተ። ባትሪው አለ። አውጥቶ ብቻውን መዘነው፤ መቶ ዘጠና። አውሮፕላኑን ያለ ባትሪው መዘነው፤ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት። ባትሪውን መልሶ ከተተው፤ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። የመኪናውን ቁልፍ አወጣ፤ ከነማንጠልጠያው ኪስ የሚቀድ ቁልፍ ነው። ክንፉ መሀል ላይ ጫነው። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

«በወንድሜ አጥንት ይዤሻለሁ፣ ምን አድርገሽበት ነው?»

«ቀባሁት።»

ቁልፉን አንስቶ ኪሱ ከተተ። ሻዩን ሳይቀምስ ወደ በሩ ሄደ።

«ሚዛንህን ረሳህ እኮ።»

«ያንቺ ነው። ሁሉም ያንቺ ነው አልኩ!»

አሸነፍኩ። ጠረጴዛውን የሚወስድብኝ የለም። ግን ያቺ ነጭ ጅራት ዓይኔን ወጋችው። ባለቤቴ የጀመረውን ሳይጨርስ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር፤ የእሱ ነገር እንዲህ ተንጠልጥሎ አይቀርም ብዬ ሰኞ ቀይ ቀለም በጠበጥኩ። ሚዛኑ ላይ እንዳለ ነው የቀባሁት። በየብሩሹ ምት ቁጥሩ ይወርዳል። ሦስት መቶ። ሁለት መቶ አሥር። ዘጠና። ሃያ አንድ። አራት። የቀረችው አውራ ጣት የምታህል ነጭ ቦታ ነበረች። ብሩሹን ወደ እሷ ስሰድ ጎማዎቹ ከሚዛኑ ላይ ሲነሱ አየሁ። ጸጥ ብለው፣ የአንድ ጣት ያህል ተነሱ። አፍንጫው ወደ መስኮቱ ነበር።

ብሩሹን ጣልኩና በሁለት እጄ ያዝኩት።

አሁን በጨርቅ ገመድ ከጠረጴዛው እግር ጋር አስሬዋለሁ። ዕቃ ቢጭኑበት እንደማይረዳ ሾፌሩ አሳይቶኛል። መስኮቱን አልከፍትም። ቀዩን ቀለም ከነጣሳው ለጎረቤት ሰጠሁ፤ ብሩሾቹንም አጥቤ አስወሰድኳቸው። ባለቤቴ ቢያየኝ ይቆጣ ነበር፤ አውቃለሁ። ይቆጣ። ነጯ ቦታ ነጭ እንደሆነች ትኖራለች።

ጠዋት ጠዋት ገመዱን በአንድ እጄ ይዤ ሚዛኑ ላይ አኖረዋለሁ። አራት ግራም። ትናንትም አራት ነበር፣ ዛሬም አራት ነው። ከዚያ ወደ ቦታው ስመልሰው በሁለት እጄ አቅፌ እንደ ከባድ ነገር አነሳዋለሁ፤ አቃስታለሁም።

«ዝም በል» እለዋለሁ፣ «ወገቤን ልትሰብረው ነው።»