አልተነሳችም የተባለችው መርከብ

ክሪስፒን ወንድሜን ደርሞትን ቢገድለው ይሻለኝ ነበር። ድራማ ውስጥ ሰው ይሞታል፣ ያለ ነው፤ ሙዚቃ ይከፈትለታል፣ ተመልካች ያለቅስለታል። እሱ ግን ደርሞትን «ጭራሽ አልነበረም» አለው።

«ዘጠነኛው ወደብ» ሕዋ ላይ ስለሚኖሩ የነገ ሰዎች የሚያወራ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ራሱ ልጅ እስኪወልድ ድረስ አላለቀም። ይህን ያህል ሲረዝም ታሪኩ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ በአንዱ ክፍል የሞተው በሌላው ሰርግ ይበላል። እኔ ዊኒፍሬድ ከደራሲዎቹ አንዷ ነኝ፣ ክሪስፒን አለቃችን ነው። ወንድሜ ደግሞ በወጣትነቱ ሊኔት የምትባል የሕዋ መርከብ አዛዥ፣ ካፒቴን ማሎ ሆኖ ተውኗል።

አምና ክሪስፒን አዲስ ክፍል ሲጽፍ የጨረቃውን ጦርነት ዓመት አሳሳተ። ማሎ የተዋጋው ጦርነት እሱ ከሞተ በኋላ የተጀመረ ሆኖ ቁጭ አለ። ተመልካቹ ጮኸ። ተሳስቻለሁ ማለት ለክሪስፒን ሞቱ ነው። «የማሎ መርከብ ሊኔት ከወደብ ተነስታ አታውቅም፤ ያ ሁሉ የሰካራም መርከበኛ ወሬ ነው» ብሎ ተገላገለ።

ደርሞት ሳንባውን ታሟል። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ስካርቦሮ በምትባል ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ የሚደረገውን የአድናቂዎች ጉባኤ ነው፤ እዚያ ትልቁም ትንሹም «ካፒቴን!» እያለ ለፊርማው ይሰለፍለታል። ዘንድሮ «ከታሪኩ ስለወጣህ ጠረጴዛ የለህም» አሉት። ቤቱ ስደርስ የካፒቴኑን ኮት አጣጥፎ፣ ለድሆች በሚሰጥ አሮጌ ልብስ መሃል ሲከተው አገኘሁት።

«ተይው ዊኒ፣ ድራማ እኮ ነው» አለኝ።

«ድራማው ገደል ይግባ! ኮቱን አውጣ!»

አንጀቴ አረረ። ደግነቱ ክሪስፒን አንድ ነገር ረስቷል። እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያየው ጀግና ኮማንደር ቶርን ነው። የቶርን እናት ሕፃን ሳለች ከሚነድ የሕዋ ጣቢያ ያወጣቻት ሊኔት ናት። ራሱ ክሪስፒን ነው የጻፈው፣ ተሸልሞበታልም። ሊኔት ካልነበረች እናትየዋ ተቃጥላለች፣ ቶርንም አልተወለደም። አሁን ደግሞ የቶርን ፊልም ሊወጣ ነው። ጽሑፉን ሰጥቶኝ «ስህተት አለው?» ሲለኝ «ምን ስህተት! እጅህ ይባረክ» አልኩት። ሻይም ቀዳሁለት።

ጉባኤው ላይ «የስህተት ሰዓት» የሚባል ልማድ አለ። አድናቂ የተጋጨውን ያነሳል፣ አለቃው ይመልሳል፤ እዚያ የተናገረው የታሪኩ ሕግ ይሆናል። ደንቡን ያወጣው ራሱ ክሪስፒን ነው፣ ጭብጨባ ነፍሱ ነው። መልሱ ካላረካቸው ግን የሻይ ኩባያቸውን በማንኪያ ይደበድባሉ። ደርሞትን ጎትቼ አምጥቼ ከኋላ አስቀመጥኩት፤ ኮቱን ከዝናብ ልብሱ ሥር አስለብሼዋለሁ። ጥያቄውን ለኦድሪ ሹክ ብያታለሁ። ኦድሪ ከአድናቂዎቹ አንዷ፣ አውቶቡስ ነጂ ናት፣ ማሎ ሲነካባት አትወድም።

«ጌታው» አለች ተነስታ፣ «የቶርንን እናት ከእሳት ያወጣቻት መርከብ ማን ነበረች?»

ክሪስፒን ሳቀ። «ይሄንማ ሕፃንም ያውቀዋል! ሊኔት ናታ...»

ክው አለ። ከዚያ አንድ ማንኪያ ጀመረ፣ ሌላው ተከተለ።

«አልተነሳችም ብለውን የለ?» አለች ኦድሪ። «በእግሯ ሄዳ ነው ያወጣቻት?»

«ሌላ መርከብ ማለቴ ነው!»

«ስሟን! ስሟን!» አለ ሕዝቡ።

እንደ ልማዱ አጠገቡ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ ዞረ። በጠበበው ቁጥር መውጫ የምፈልግለት እኔ ነበርኩ። ማይክሮፎኑን በእጁ ሸፍኖ «ዊኒ፣ በናትሽ፣ አንድ ነገር በይኝ» አለ። ነበረኝ! ሊኔት የምትባል ሌላ የጭነት መርከብ ነበረች ቢል ይበቃው ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እንዴት እንደጣፈጠኝ!

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ወይ ሊኔት ተነስታለች፣ ወይ ቶርን አልተወለደም። ምረጥ።»

የቶርን ፊልም ማስታወቂያ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል። ላቡን ጠረገ። «ሊኔት ተነስታለች። ዓመቱን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ካፒቴኗስ?» አለች ኦድሪ።

«ማሎ።»

«አልሰማንም!»

«ካፒቴን ማሎ!»

ደርሞት የዝናብ ልብሱን አውልቆ ቆመ። አዳራሹ ወደ እሱ ዞሮ ጮኸ፣ አለቀሰ። እኔ ግን ክሪስፒንን ነበር የማየው። አንዲትም ነገር እንድታመልጠኝ አልፈለግሁም።

ባዶ ጠረጴዛ ስላልነበረ አዘጋጆቹ ደርሞትን የክሪስፒን ወንበር ላይ አስቀመጡት። ሰልፉ ደረጃው ድረስ ተሳበ። ክሪስፒን መነጽሩን እዚያ ረስቶ ኖሮ እየተጋፋ መጣ፤ ኦድሪ «ሰልፍ ይያዙ!» ብላ መለሰችው። ተራው ሲደርስ ወንድሜ ቀና ብሎ አየው። ክሪስፒን ሲያገባ ሚዜው ደርሞት ነበር።

«ለማን ብዬ ልፈርም፣ ጌታዬ?»

«ደርሞት፣ እኔ እኮ ነኝ። ክሪስፒን።»

ወንድሜ እስክሪብቶውን ከፍቶ ወረቀት ሳበ።

«ይቅርታ፣ አላወቅሁዎትም» አለና ፈረመለት።