ከእናትነሽ ሆድ የወጣው

እኔ ታይቱ ነገር አላሳድርም። ያሳደርኩት ይኸ አንድ ብቻ ነው።

የሟች ወንድሜን ልጅ እናትነሽን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ለዲያቆን ገብረ ሊባኖስ ታጭታ ነበር። ዲያቆን ቄስ እንዲሆን ድንግል አግብቶ መቁረብ አለበት። ታዲያ ጌሾው ተወቅጦ፣ ሰርጉ ሦስት ወር ሲቀረው የልጅቱ ሆድ ገፋ! የአገራችን የደሃና ሰው አፉን ከፈተ። እሷ «ወንድ አላውቅም እትዬ» ብላ ማለች፤ እኔም አመንኳት። ሐሜተኞቹን በየምንጩ እየዞርኩ ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው።

የሙሽራው አባት መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። «ወይዘሮ ታይቱ፣ ልጄን ክህነት አላሳጣውም። ልጅ ከሆነ ቀኑ ሲደርስ ይወለዳል። እንጠብቅ» አሉ።

አንድ ጠዋት ገብስ ስታርም ሆዷን ይዛ ወደቀች። ታስመልሳለች፣ ትጮኻለች። ሴቶቹ «ምጥ ነው!» አሉ። አዋላጇ ደብሬ ዳብሳት ወጣችና «ይኸ ምጥ አይደለም፣ ልጅቱ መሞቷ ነው» አለች። ኡኡ አልኩ። ስሟን በሐሜት ሲያነሣ የከረመው ሁሉ ሳይቀር ቃሬዛ ተሸከመ፤ ለዚህስ አገሬን አላማም። ስንወጣ መሪጌታን «ከሆዷ የወጣውን በእንስራ አምጥቼ ፊትዎ ካላስቀመጥኩ ታይቱ አይደለሁም!» አልኳቸው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ መኪና እኛ ዘንድ አይደርስም። ኮረም በሦስት ቀን ደረስን፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ። ሐኪሙ ቀዶ አወጣላት።

«እጢ ነው እማማ፣ ልጅ አይደለም። ክፉ ዓይነትም አይደለም፤ ሥሩ ተጠምዝዞ ነው ያሠቃያት። ልጅቱ ድንግል ናት» አለኝ።

እልል አልኩ! «በሉ ስጡኝ፣ አገሬ እወስደዋለሁ» አልኩት። ሳቀና ሳህኑን አመጣ፤ እጢውን ከፈተው።

በስመ አብ! ጠጉር። በሞራ የተለወሰ ረጅም ጥቁር ጠጉር። መሐሉ ላይ ሁለት ጥርስ፣ ነጭ የሰው ጥርስ! ሐኪሙ «አይደንግጡ፣ ይኸ ከተፈጥሮ አብሯት የኖረ ነው፤ ወንድ ባላየች ልጃገረድም ይበቅላል» ይላል። የት ሰምቼው! ወደ አልጋዋ ሮጥኩ። ከመደንዘዣው ገና መንቃቷ ነው።

«ማነው? ንገሪኝ፣ ማነው ሰውየው?» አልኳት።

ዓይኗን ገለጠች። «እትዬ፣ እርስዎም?» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ተመልሼ ሐኪሙን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ሦስቴም ያንኑ ነገረኝ፤ ወረቀትም ጻፈልኝ። አመንኩ። ግን እኔ ያሳደግኋት እንዲህ ካልኩ፣ አገሩ ያንን ጥርስ ቢያይ ምን ሊል ነው? እዚያው ትቼው መጣሁ።

አገር ስንገባ መሪጌታ ሽማግሌ ሰብስበው ጠበቁኝ። «የታለ እንስራው?» አሉ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አነበቡት።

«እጢ ይላል። እርስዎ በዓይንዎ ምን አዩ?»

«ውሃ» አልኩ።

«ይምላሉ?»

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ መስቀል ተሳልሜ «ውሃ ነው» ብዬ ማልኩ። እውነተኛይቱን ልጅ በሐሰት ምዬ አዳንኳት። ጉድ እኮ ነው!

ሰርጉ ተሠረገ፣ ቆረቡ። ገብረ ሊባኖስ ቀሰሰ፤ ዛሬ የንስሐ አባቴ እሱ ነው። በየጾሙ ኃጢአቴን ስዘረግፍ ያቺን መሐላ እዘላታለሁ። እንዴት ብዬ ልንገረው?

እናትነሽ ሁለት ወልዳለች። ታከብረኛለች፣ ማታ እግሬን ታጥበኛለች፣ አንድ ነገር አታጎድልብኝም። ከደሴ ወዲህ ግን አንድ ቀን «እትዬ» ብላኝ አታውቅም። እንደ ባዳ «ወይዘሮ ታይቱ» ነው የምትለኝ።