አርባ ላይ የቀረችው ስኩተር

ዩሺያ የነዳጅ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዛ ይዛዋለች፤ ስኩተሯ ግን ከአርባ ፈቅ አልል አለች። የዶንግጋንግ የወደብ መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ ዳገት የለው፣ ኩርባ የለው፣ ነፋሱም ቢሆን ከኋላዋ ነው። የምታመካኝበት ነገር ፈልጋ አጣች። «ሂጂ እንጂ! ምን ሆነሻል?» እያለች በጉልበቷ ጎሸም ታደርጋታለች። ይሄኔ አንድ ያረጀ ስኩተር እየተንተከተከ ከጎኗ ደረሰ። የሚነዳው ነጠላ ጫማ ያደረገ ሽማግሌ ነው፤ እግሩ ሥር መርገጫው ላይ ቡናማ ውሻው ቆሟል። ሽማግሌው ዞር ብሎም አላያት። ውሻው ግን ሲያልፉ አንገቱን አዙሮ፣ ምላሱን አንጠልጥሎ፣ እስኪርቅ ድረስ ትክ ብሎ አያት።

«ውሻ ይታዘበኝ!» አለች ዩሺያ ለራሷ።

ሌላ ቀን ቢሆን ስቃ ታልፈው ነበር። ነገ ጠዋት ግን መንገድ አለባት። እሷና ሁለት ጓደኞቿ፣ ዓሣ ጨረታው አዳራሽ ውስጥ ሽሪምፕ ሲልጡ አብረው ያረጁ ሴቶች፣ ታይዋንን በስኩተር ዙሪያዋን ሊዞሯት ነው። ይህን ጉዞ ማውራት የጀመሩት በኮረዳነታቸው ነው። ከዚያ ጋብቻው መጣ፣ ልጁ መጣ፣ የልጅ ልጁ መጣ፣ እና ይኸው ዛሬ ላይ ደረሱ። ከሁለቱ አንዷ፣ የጉዞው መሪ ጂንዬ፣ ደግሞ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ወደ ምሥራቁ ባሕር የሚያሻግረውን ተራራ በስልሳ መውጣት ያቃታት እንደሆነ፣ ሞተሯን እዚያው አቁማ በባቡር ወደ ቤቷ ትመለስ ብላ አስጠንቅቃለች። እንኳን ስልሳ! ባለፈው ሳምንት ሰባን እንደ ቀልድ ስትሮጥ የነበረች ሞተር ናት ዛሬ የውሻ መሳቂያ የሆነችው።

የስኩተሯን መሪ ወደ ጂሆንግ ጋራዥ አዞረችው።

ጂሆንግ ከቤቱ በረንዳ ሥር የሚሠራ መካኒክ ነው። በዚያ ሰፈር የማያውቀው ሞተር የለም፤ የማያውቀው ሐሜትም የለም። ገና ከሩቅ ሲያያት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሣ።

«እትዬ ዩሺያ! ነገ አይደል እንዴ ጉዞው? ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ሞተሬ ታመመችብኝ ልጄ። አርባ ላይ ስትደርስ ‘ከዚህ ወዲያ ሞቼ እገኛለሁ’ ትላለች።»

«ሲነሡስ? ትንቀራፈፋለች?»

«ኧረ ስትነሣማ ልጃገረድ ናት። ሩጪ ስላት ነው ትንፋሽ የሚያጥራት።»

«እንግዲህ ዕድሜ ነዋ።»

«የማን ዕድሜ? የእኔ ነው የእሷ?»

«የእሷ፣ የእሷ!» አለ ጂሆንግ፣ ወደ መሣሪያ ሳጥኑ እየሸሸ።

ዩሺያ ግን አልሳቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰውየው ነው» አለች።

«የትኛው ሰውዬ?»

«የእኔው ነዋ! ትናንት ከሰዓት በኋላ ሞተሯ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ደረስኩበት። ምን ታደርጋለህ ብለው ‘ጎማ እያየሁ ነው’ አይለኝም? ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ላይ የኖረ ሰው ስለ ጎማ ምን ያውቃል?»

ቲየንፉ፣ ባሏ፣ ጡረታ የወጣ ዓሣ አጥማጅ ነው። የጉዞው ወሬ ከተነሣ ጀምሮ አፉ አርፎ አያውቅም። «ሦስት አሮጊት በሦስት ጣሳ» እያለ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀባት። አንቺ ስትሄጂ ይመቸኛል፣ ቴሌቪዥኑን እንደ ልቤ አስጮኸዋለሁ አለ። እሷም ዛሬ ጠዋት የሞተሯን ድክመት ስታይ ትዕግሥቷ አልቆ፣ «ነክተሃት ከሆነ፣ እኔ ነገ ከዚህ ቤት ከወጣሁ አልመለስም!» ብላው ነው የመጣችው።  

ጂሆንግ ስኩተሯን በመቆሚያዋ አንሥቶ የኋላ ጎማዋን በእጁ አሽከረከረው። ጎማው ያለ ምንም ድምፅ ሲዞር ቆየ።

«ፍሬኑ አልያዛትም። ንፋሷም ሙሉ ነው።»

«እህሳ?»

«ቆዩ እንጂ እትዬ፣ ገና መንካቴ ነው።»

የጎኗን ክዳን ፈትቶ ጎማውን የሚያዞረውን ቺንጋዋን አወጣ። ቺንጋ ሲበላ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ቢጮህም ጎማው አይፈጥንም። ይህ ግን ወፍራም ነው፣ ስንጥቅ የለበትም። ከቺንጋው ፊት ያሉትን ትንንሽ ሮለሮች አንድ በአንድ መዳፉ ላይ አንከባለላቸው። አንድ ጎናቸው ተፍቆ ጠፍጣፋ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። ሁሉም እንደ ዕንቁ ክብ ናቸው። የጭስ ማውጫ ማርሚታውን አንኳኳው፣ ጭሱን በእጁ ለካው። እንደሱም አይደለም። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ከፈተ፤ ፊልትሮው እሱ ራሱ በቅርቡ የቀየረው ነውና ነጭ ሆኖ ጠበቀው።

ጂሆንግ ራሱን አከከ። «እትዬ፣ እቺ ሞተር ከእኔ ትሻላለች።»

«አላልኩህም? ተንኮል ነው! ተንኮል ደግሞ በመፍቻ አይገኝም።»

«ጋሽ ቲየንፉ እኮ እንኳን ሞተር ሊያበላሹ የራዲዮ ድንጋይ መቀየር አይችሉም። እስቲ ልሞክራት።»

ያወለቀውን መልሶ ሲገጥም የማጣሪያውን ሳጥን ክዳን መሬት ላይ ረስቶት ተነሣና ስኩተሯ ላይ ወጥቶ በመንገዱ ተፈተለከ። ብዙም ሳይቆይ ፀጉሩ ወደ ኋላ ተበጥሮ፣ ጥርሱ ሁሉ ታይቶ ተመለሰ።

«ሰባ አምስት! ገና አልጨረስኳትም!»

ዩሺያ በደስታ ዘለለች። በዕድሜዋ ያለች ሴት እንዴት እንደምትዘል ጂሆንግ ያየው ያን ዕለት ነው። ክዳኑን አንሥቶ በብሎን አሰረላት፤ ራሷም ልትሞክራት ሄደች። ሄዳም ተመለሰች። ፊቷ እንደገና ጠቁሯል።

«አርባ!»

«አይሆንም!»

«አርባ እልሃለሁ! ይሄ ሰውዬ አስደግሞብኝ ይሆን እንዴ?»

 የጂሆንግ ዓይን ክዳኑ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ጉልበቱን በጥፊ መታው።

«ክፍት ስትሆን ሮጠች፣ ስትዘጋ ታነቀች! እትዬ፣ እርስዎ ገና ሲመጡ ነግረውኝ ነበር እኮ፤ ትንፋሽ ያጥራታል ብለውኝ። ፊልትሮው ደኅና ከሆነ አየር የሚገባበት አፏ ነው የተደፈነው!»

የኋላ ጎማዋ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ከሳጥኑ ጎን ወደ ኋላ የዞረ ክብ የላስቲክ ቀዳዳ አገኘና ጣቱን ሰደደበት።

«የሆነ ለስላሳ ነገር አለ።»

«አይጥ እንዳይሆን!» አለች ዩሺያ፣ ወደ ኋላ እየሸሸች።

በፒንሳ ይዞ ሳበው። አንድ ቀይ ነገር ብቅ አለ፤ ከዚያ በወርቅማ ክር የተጠለፈ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ሙሉ በሙሉ ወጣ። ጂሆንግ ያየውን ሲያውቅ ፒንሳውን ጣለና እጁን ሱሪው ላይ ሁለት ጊዜ ጠርጎ ከረጢቱን በሁለት መዳፉ ተቀበለው። ወደቡ ላይ ካለው መቅደስ የተወሰደ ክታብ ነው፤ ባሕርተኛንና መንገደኛን የምትጠብቀው የባሕር እናት የማዙ።

ዩሺያ አጠገቡ መጣች። የክታቡን ማንጠልጠያ ያሰረው ቋጠሮ ላይ ዓይኗ ተተክሎ ቀረ። ያን ቋጠሮ የትም ብታየው ታውቀዋለች። ቲየንፉ ጀልባ ሲያስርም ያው ነው፣ የቆሻሻ ከረጢት ሲያስርም ያው ነው፣ ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ የጫማ ክራቸውን ሲያስርላቸው ያው ነበር፤ እየተላቀሱ ነበር ማታ ማታ የሚፈታላቸው።

«ግን እኮ» አለ ጂሆንግ፣ «ወንበሩ ሥር ይሄን የሚያህል ዕቃ ማስቀመጫ እያለ እዚህ ጉሮሮ ውስጥ ምን አስወተፋቸው?»

 የዩሺያ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጂሆንግ ያለቀሰች መስሎት ደነገጠ።

«ወንበሩ ሥር?» አለች፣ ሳቁ እያነቃት። «ወንበሩ ሥር? እኔ የባሕር እናት ላይ በዚህ መቀመጫዬ ዘፍ ብዬባት ደሴቱን ልዞር? ቲየንፉ እንዲህ ያለ ድፍረት ያደርጋል? ሲፈልግ፣ ሲፈልግ፣ ከመቀመጫዬ ሥር ያልሆነ ቀዳዳ ይህን አገኘ!»

ጂሆንግም መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። «ቆይ፣ ‘ቀስ ብላ ትሂድልኝ’ ብለው ለምነው ይሆናላ! ታዲያ ምን ያጣላችኋል? ማዙ እንደሆነች ሰምታቸዋለች!»

ዩሺያ እንባዋን ጠረገች። የሳቅ ብቻ አልነበረም። ቲየንፉ ባሕር ይወጣ በነበረበት ዘመን፣ ክታቡን በጃኬቱ ኮሌታ ውስጥ በስውር የምትሰፋለት እሷ ነበረች። እሱ እንዳላወቀ ሆኖ ይለብሰዋል። ሲመለስ ባሕሩ እንዴት ነበር ብላ ትጠይቀዋለች፤ «ስኒ ውስጥ እንዳለ ሻይ» ይላታል ሁልጊዜ። በማግስቱ ገበያ ስትወጣ፣ ማዕበሉ የጀልባውን ጣሪያ እንደገነጠለው ከሌሎቹ ሚስቶች ትሰማለች። ተናግራው አታውቅም። አሁን ያን ሁሉ አሰበችና ያንን ተሳዳቢ ሽማግሌ ባሏን ወደደችው። ጠዋት የተናገረችው ቃል ደግሞ ቆጫት።

ክታቡን የስኩተሯ መስታወት አንገት ላይ እንደ ነገሩ ቋጠረችውና ሞተሯን አስነሣች።

ያ የወደብ መንገድ እንደዚያ ቀን አምሮባት አያውቅም። ሃምሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ። ክታቡ በነፋሱ እየተወዛወዘ መስታወቱን መታ መታ ያደርገዋል። ከፊቷ ያ ነጠላ ጫማ ያደረገ ሽማግሌ ከነውሻው ወደ ቤቱ ሲመለስ አየችው። ስታልፈው አንገቷን አዞረች፣ ውሻውን ትክ ብላ አየችው፣ ምላሷንም አወጣችለት። ቀና ስትል ቆጣሪው ሰማንያ ላይ ነው። «ሰማንያ!» ብላ ጮኸች፣ ብቻዋን። እስከ ቤቷ ድረስም ለባሏ እንዴት እንደምትነግረው ስትለማመድ ሄደች። «ሰማንያ! ሰማህ? ጣሳ ብለህ አልነበር? ሰማንያ!»

ቲየንፉ በር ላይ ጉርድ ወንበር አውጥቶ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል። ሞተሯን ስታቆም ቀና አላለም። ቆይቶ ግን ዓይኑ ሾልኮ መስታወቱ ላይ ደረሰ። የያዛት ኦቾሎኒ ጣቱ መሀል ቀረች።

«ምን ሆና ነው አለ፣ ጂሆንግ?» አለ።

«ትንፋሽ አጥሯት ነው አለ።»

«አዳናት?»

«አዳናት።»

ቲየንፉ ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ ተነሣ። ስኩተሯ ጋ ሄደና ክታቡን ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ይሄ ምን ዓይነት ቋጠሮ ነው? የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ይወድቅብሻል።»

«ታዲያ አንተ እሰረዋ። ከዚህ የወጣሁ እንደሆነ አልመለስም ያልኩህንም እርሳው፤ እመለሳለሁ።»

«የት ልትሄጂ ኖሯል» አለ፣ ጆሮው እየቀላ። የእሷን ቋጠሮ ፈታና በዚያ በወፍራም ጣቱ የራሱን ማሰር ጀመረ። ክሩን አዞረ፣ አሾለከ፣ ደግሞ አዞረ። ጀርባውን እንደ ሰጣት፣ ነገሩ ግድ እንደማይሰጠው ሰው፣ «ስንት ሄደች?» አለ።

ሰማንያ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ዩሺያ ግን እጆቹን አየቻቸው፤ ስኒ ውስጥ ያለው ሻይ ትዝ አላት።

«ሃምሳ» አለች። «ያውም ቁልቁለት ላይ።»