ያዳመጥኩት ዓሣ ነባሪ

ዓሣ ነባሪ ሲተነፍስ ከእኔ ቀድሞ የሚያይ ዓይን በመንደራችን በላማሌራ የለም። ጦር ወርዋሪው አባቴም ሳይወድ በግድ ያምናል። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል የተውኩት ሰነፍ ሆኜ አይደለም፤ ከሰሌዳ ይልቅ ባሕር ማንበብ ስለሚቀለኝ ነው።

ስለዚህ በአደን ወራት የገደሉ አናት የእኔ ነው። ጭስ የመሰለውን ትንፋሽ ሳይ «ባሌዮ!» ብዬ እጮሃለሁ፣ ወንዶቹ ጀልባ ይገፋሉ። ዘንድሮ ግን ሦስት ወር ሙሉ የሚያስጮህ ነገር አላየሁም። የዓሣ ነባሪ ቋንጣ ተሸክማ ተራራ ላይ ወዳለው ገበያ እየወጣች በበቆሎ የምትለውጥልን አክስቴ ሬናታ ናት። ቋንጣው ካለቀ ሰነበተ፤ የበቆሎው እንስራም ታቹ ይታይ ጀመር።

እትዬ ራትሪ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ከዋና ከተማ አደኑን አቁሙ ሊሉን። ዓሣ ነባሪ እርስ በርሱ ይነጋገራል ሲሉ ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ፣ ይነጋገር፣ ግን መበለቶቻችንን ማን ያብላልን ብለው ጠየቁ። እትዬ ራትሪ በአደኑ ፋንታ ዓሣ በመረብ ስለ ማጥመድና ጎብኚ ስለ ማስተናገድ አወሩ፤ መበለቶቹ አልተዋጠላቸውም። እኔ ግን አልሳቅሁም። ዓሣ ነባሪዎቹ ምን እንደሚባባሉ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ራትሪ እያለከለኩ ገደሉ ላይ ወጡና ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፉልኝ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ባሕራችን ውስጥ የቀዱት ድምፅ ነው። ቋ፣ ቋ፣ ቋቋ። አክስቴ የተቆላ በቆሎ በድንጋይ ስትጠፈጥፍ የምታሰማው ዓይነት። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ከሩቅ ይመልሳል። ቆጥሬ ልያዘው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስለ ምን ይሆን የሚያወሩት? ስለ እኛስ ያወራሉ? አባቴን ይለዩት ይሆን?

ዓይኔን ስገልጥ የአንድ ዓሣ ነባሪ ትንፋሽ እኛን አልፎ ከባሕረ ገቡ ምድር ጫፍ ማዶ ደርሶ ነበር። ጮህኩ። ሁለት ጀልባ ወጣ፣ እስከ ከሰዓት ቀዘፉ፣ ገመዳቸው እንደደረቀ ተመለሱ። አባቴ አንዴ ቀና ብሎ ገደሉን አየና ጦሩን ወደ ቦታው መለሰ።

«ከእኔ ቀድመው አይተውት ነበር?» አልኳቸው እትዬ ራትሪን።

«አዎ፣ አይቼዋለሁ» አሉ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ። «መጮህ ግን ያንቺ ሥራ ነው።»

ልናደድባቸው ፈልጌ አቃተኝ።

ቤት ስገባ አክስቴ እንስራውን ጎንበስ ብላ በእጇ ትጠርጋለች። ሳትጠይቀኝ ጀመርኩ። መጀመሪያ አራት ምት እንደሆነ፣ ከሩቅ ያለው ግን አምስት አድርጎ እንደሚመልስ፣ ከመንደሩ ሰው ይህን የሰማሁት የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን እንደማልቀር ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እንዲህ ሰምታኝ ስለማታውቅ እየተመቸኝ ሄደ።

እጇን አራገፈች።

«ጥሩ ነው ቬሮ። እንግዲያው ነገ ድምፁን ተሸክመሽ ተራራ ውጪና በበቆሎ ለውጪልን።»