ከመስመሩ ያላለፈው እግር

የክሪኬት ኳሱ ከመቺው ኋላ ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች መካከለኛውን ነቅሎ ሦስት እርምጃ አርቆ ጣለው። ወርዋሪው ዋቃስ በደስታ እጆቹን ሰቅሎ ዞር ሲል ግን ዳኛው ማስተር ኢህሳን ቀኝ ክንዳቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ቆመዋል። የወርዋሪው እግር ነጩን መስመር አልፏል፤ ኳሱ አይቆጠርም፣ መቺውም አይወጣም ማለት ነው።

መቺው ሻህሜር የአውራጃው ክሪኬት ማኅበር ሊቀ መንበር የእህት ልጅ ነው። ሊቀ መንበሩ ቾድሪ ራፊቅ ድንኳኑ ሥር ከተጫዋች መራጮቹ ጎን ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ።

ዋቃስ ወደ ዳኛው ቀረበ። "ማስተር ጂ፣ እግሬ አልፎ ነበር?"

"አልፏል።"

"በብዙ ነው?"

"ይህን ያህል" አሉ፣ በሁለት ጣታቸው እየለኩ።

"ይቅርታ ማስተር ጂ። ለራሴ አልታወቀኝም።"

ማስተር ኢህሳን ለጭቅጭቅ ተዘጋጅተው ነበር፤ ለይቅርታ ግን አልተዘጋጁም። ይህን ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምረውታል። አሁን ጎሚስታ ቤት የትራክተር ጎማ ሲፈታና ሲያስር ይውላል። ከሃያ ሦስት ዓመት በታች ላሉ ተጫዋቾች የሚደረገው ምርጫ ዛሬ ካመለጠው፣ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜው አይፈቅድለትም።

ጠዋት ቾድሪ ራፊቅ ከመኪናቸው ሳይወርዱ ዳኛውን ጠርተዋቸው ነበር።

"ማስተር ሳሂብ፣ የላይኛው ሊግ ዳኞች ዝርዝር ውስጥ ለመግባት ከጠየቁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፣ አይደል?"

"አሥራ ሁለት።"

"ዘንድሮ ይሳካል። የእኛ ልጅ እንዳይደናገጥ ብቻ አደራ። እነዚህ ወርዋሪዎች ሲጣደፉ መስመር ያልፋሉ፤ እግራቸውን ልብ ይበሉልኝ።"

ከዚህ በላይ አንድም ቃል አልተባለም።

ዋቃስ ወደ ቦታው ተመልሶ ሩጫውን የሚጀምርበትን ምልክት አንድ ጫማ ወደ ኋላ አራቀ። ከዚያ በኋላ እየሮጠ ሲመጣ ዓይኑ መቺው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነበር። ኳሱ ፍጥነት አጣ። ሻህሜር እየተዝናና ይመታው ጀመር፤ ሥልሳ ሦስት ነጥብ ሲሞላም ድንኳኑ አጨበጨበ።

ከቀትር በኋላ የተመረጡት ተጫዋቾች ዝርዝር ተነበበ። ሻህሜር ሦስተኛው ላይ ተጠራ። የዋቃስ ስም የለም።

"ጉልበት አለህ" አለው አንዱ መራጭ ሲያልፍ። "እግርህን ግን አትቆጣጠረውም።"

ከተመረጡት አንዱ ጫማውን እየፈታ ሳቀ። "ዋቃስ፣ እግርህን ጎሚስታ ቤት ረስተኸው ነው እንዴ የመጣኸው?"

ዋቃስም አብሮ ሊስቅ ሞከረ።

ማስተር ኢህሳን የጨዋታውን ሪፖርት ሞልተው ሊፈርሙ ብዕራቸውን ሲያነሱ፣ ባዶው ሜዳ ላይ አንድ ሰው አዩ። ዋቃስ ነው። ኳስ ሳይዝ ይሮጣል፣ መስመሩ ጋ ደርሶ ያርፋል፣ ጎንበስ ብሎ የእግሩን ዱካ በስንዝር ይለካል። ከዚያ ተመልሶ እንደገና ይሮጣል።

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ እሱ ሄዱ።

"ቤትህ አትሄድም?"

"አሥር ጊዜ ሮጥኩ ማስተር ጂ። አሥሩንም ከመስመሩ ወዲህ ነው ያረፍኩት። ያኔ ምን ነካኝ?"

ማስተር ኢህሳን ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ምንም አልነካህም። ያኔም ወዲህ ነበርክ። አይቼዋለሁ። እያየሁ ነው ክንዴን የዘረጋሁት።"

ዋቃስ ቀና ብሎ አያቸው።

"እኔ እኮ አምኜዎት ነበር" አለ። "ሌላ ዳኛ ቢሆን እከራከር ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ አሁን ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ላድርገው?"

ዞረው አዩ። ድንኳኑ ጋ ወንበሮች እየተጣጠፉ ነው። ቾድሪ ራፊቅ የመኪናቸውን በር ከፍተው መራጮቹን ይሰናበታሉ። ማስተር ኢህሳን ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ተንበረከኩና ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ ለአስተያየት የተተወው ባዶ ቦታ ላይ ስለ ተሻረው ኳስ ሁለት መስመር ጻፉ። ከሥሩ ሙሉ ስማቸውን አስፍረው ፈረሙ።

ዋቃስ አብሯቸው ሊሄድ ተነሳ።

"አንተ እዚሁ ቆይ" አሉት። "አንተ የላክኸኝ እንዳይመስላቸው።"

የሱሪያቸውን አቧራ ሳያራግፉ ወረቀቱን ይዘው ወደ መኪናው አመሩ።