ተራ ቁጥር ሰባት

የጋሽ እንፋሎት እውነተኛ ስም ከተረሳ ቆይቷል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የላውንደሪውን ቦይለር ሲያነዱ ስለኖሩ፣ ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም የሚጠራቸው በዚሁ ነው። ቦይለሯ አሮጊት ናት። ታኮርፋለች፣ ታጉረመርማለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያለ ምክንያት ትነጫነጫለች፤ እሳቸው ግን ችለዋት ይኖራሉ።

ከአመሏ ሁሉ የከፋው የሴፍቲ ቫልቯ ነበር። ጤነኛ ቫልቭ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በራሱ ይከፈትና እያፏጨ እንፋሎቱን ያስወጣል፤ ቦይለር እንዳይፈነዳ የሚጠብቀው እሱ ነው። የአሮጊቷ ግን ሞላው ስለላላ፣ ግፊቱ ገና ግማሽ ሳይደርስ ያፏጫል። አዲስ ይገዛልኝ ብለው ቢያመለክቱ ሰሚ ጠፋ። ስለዚህ ከቫልቩ ክንድ ላይ አንዲት የተሰበረች የበር ማጠፊያ አንጠለጠሉ፤ ክብደቷ ቫልቩን ተጭኖ ስለዘጋው ፉጨቱ ቆመ። ጥፋት መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ አውርደው ኪሳቸው ይከቷታል፣ ሲሄድ ይመልሷታል።

ድርጅቱ በአንድ ዓመት አምስት ቅርንጫፍ ልክፈት ብሎ ሲነሳ አንዲት አሰልጣኝ ቀጠረ። ጨዋ ናት፣ ፈጣን ናት፣ ታብሌቷ ከእጇ አይለይም። የእርስዎን ሙያ በአምስት እናባዛዋለን ስትላቸው የጋሽ እንፋሎት ልብ ቅቤ ጠጣ። በዚያ ሁሉ ዓመት ምን ይሠራሉ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረማ!

ሦስት ቀን በእግር በእግራቸው እየተከተለች፣ የእጃቸውን እንቅስቃሴ ሁሉ በተራ ቁጥር ጻፈች። ለምን እንደሚያደርጉት ማስረዳት ሲጀምሩ በትሕትና ታቋርጣቸዋለች። ምክንያት ሥልጠናውን ያረዝመዋል፤ ሠልጣኙ የሚፈልገው ቅደም ተከተሉን ነው ትላለች። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ማጠፊያዋ ላይ አረፈ።

“ይቺስ ምንድን ናት?”

ከአሰልጣኟ ኋላ ከቆሙት ሠልጣኞች አንዷ የእህታቸው ልጅ ነበረች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ አጥታ፣ ዛሬ ደብተሯን ይዛ አጎቷን እንደ ትልቅ ሊቅ ትመለከታለች። ማታለያ ናት ቢሉ ነገ ከሥራ ይባረራሉ፤ እሷም አብራቸው ትወጣለች። እንዲህ ነበር የመሰላቸው።

“ፉጨት ሲጀምር ትንጠለጠላለች” አሉ ባጭሩ።

አሰልጣኟ ተራ ቁጥር ሰባት ብላ ጻፈች። ሠልጣኞቹም ጻፉ።

ያን ቀን ማታ ለልጅቷ ልንገራት ብለው ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሁለት ጊዜም ኀፍረት ያዛቸው። አዲሱ ቦይለር ጤነኛ ነው፣ በከንቱ አያፏጭም፣ ስለዚህ ማንም ምንም አያንጠለጥልበትም ብለው ራሳቸውን ሸነገሉ። ሥልጠናው አለቀ፣ ተጨበጨበ፣ ልጅቷም ከከተማው ወዲያ ማዶ ወዳለው የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ተመደበች።

ቅርንጫፉ በሚመረቅበት ቀን ረፋድ ላይ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ አንድ ካርቶን ይዞ እየሳቀ መጣ።

“ጋሽ እንፋሎት፣ ብረትዎ ወልዳለች!”

በካርቶኑ ውስጥ አራት አዳዲስ ማጠፊያዎች ተደርድረዋል። ቀይ ቀለም ተቀብተዋል፣ የድርጅቱ ምልክትና “7” የሚል ቁጥር ታትሞባቸዋል። አምስተኛዋስ ሲሉት፣ እሷማ ባለፈው ሳምንት ከአዲሱ ቦይለር ጋር ሄዳለች አላቸው።

ጋሽ እንፋሎት ክው አሉ። የገዛ ማጠፊያቸውን ማየት አስጠላቸውና ከአሮጊቷ ላይ መንጭቀው ወለሉ ላይ ወረወሯት። ከዚያ ለልጅቷ ስልክ ደወሉ።

ልጅቷ ወዲያው አነሳች። ከጀርባዋ ጭብጨባና የእንግዶች ጫጫታ ይሰማል። በደስታ ትንፋሿ ተቆራርጧል። ሥራ አስኪያጁ ማጠቢያዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲሠሩ ለእንግዶቹ ማሳየት ስለፈለገ እሳቱን እስከ መጨረሻው መክፈታቸውን ነገረቻቸው።

“ልጄ፣ የት ነሽ?”

“ቦይለሩ ጋ ነኛ፣ ጋሼ። እንግዶቹም እዚሁ ናቸው፣ እያስጎበኘኋቸው ነው።”

“አፏጭቷል?”

“አዎ፣ በጣም! እንግዳ ፊት ሊያዋርደኝ ነበር እኮ። ግን ያስተማሩኝን አልረሳሁም።”

“እሳቱን አጥፊ” አሉ ጋሽ እንፋሎት። “ሰዎቹን ይዘሽ ውጪ፣ አሁኑኑ።”

ይህን ሲሉ ከኋላቸው አሮጊቷ ማፏጨት ጀምራ ነበር፤ የገዛ ድምፃቸው ለራሳቸውም አልተሰማቸውም። እየጮኹ ደገሙት።

“ምንም አይሰማኝም፣ ጋሼ፤ የእርስዎ እያፏጨች ነው” አለች ልጅቷ እየሳቀች። “ብረቷን ያንጠልጥሉባት እንጂ። የእኔማ ይኸው ሃያ ደቂቃ ሆነው ጸጥ ካለ።”